ሬኖ ገበያው ሲከፈት ሱቁን ዘጋ

የፈረንሳዩ ሬኖ ለፎርሙላ ዋን ሞተር መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ አቁሟል። አልፒን የተባለው የራሱ ቡድን ከ2026 ጀምሮ የሚወዳደረው ከመርሴዲስ በሚገዛ ሞተር ነው።

ስሌቱ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ቤንዚንና ኤሌክትሪክን ያጣመረው ሞተር በ2014 ሲጀመር መርሴዲስ ከ19 ውድድሮች 16ቱን አሸነፈ። ሆንዳ በ2015 ዘግይቶ ገብቶ ከማክላረን ጋር ሦስት ዓመት ተዋረደ። ያው ማክላረን ግን በ2024 እና በ2025 የቡድኖችን ሻምፒዮንነት የወሰደው ከመርሴዲስ በገዛው ሞተር ነው፤ ያውም ሻጩን ራሱን ከኋላው አስቀርቶ! ታዲያ ገዝቶ ማሸነፍ ከተቻለ መሥራቱ ለምን?

ይሁንና የገዢው ዕድል የቆመው በደንብ ላይ ነው። ሻጩ የተሻለውን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን ለደንበኛ እንዳይሰጥ የተከለከለው በ2018 ነበር። በ2026 ደግሞ ሁሉም በአዲስ ንድፍ ይነሳል። የጭስ ማውጫውን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው፣ ብዙ ገንዘብ የበላው ክፍል ቀርቷል። ኦዲ የገባው፣ ፎርድ ከሬድ ቡል ጋር የተሻረከው፣ በ2020 መውጣቱን አስታውቆ የነበረው ሆንዳም ከአስተን ማርቲን ጋር የተመለሰው በዚህ በር ነው። ሬኖ ግን አሥራ ሁለቱን ከባድ ዓመታት ከፍሎ፣ መግቢያው ሲረክስ ወጣ። አልፒን አሁን ከማክላረንና ከዊሊያምስ ጋር የመርሴዲስ ደንበኛ ነው።