ነጭ ነጠላና የጠቆረ ፊት

«ጋሼ፣ ካሜራ ቢኖረን ፎቶ ጋዜጠኝነት እንማር ነበር» አሉኝ አሰላ የሚገኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች። አንደኛው ይህን የሚነግረኝ ስልኩን እየነካካ ነበር።

ሚኒ ሚዲያን ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ዜና ያነባል፣ በእረፍት ሰዓት ዘፈን ይለቃል። ፎቶ የሚያነሳው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ያነሱትን አሳዩኝ፦ መድረክ፣ ባነር፣ የታሸገ ውኃ ፊታቸው የተደረደረላቸው የክብር እንግዶች። አልፈረድኩባቸውም፤ ከትልልቆቹ ሚዲያዎች ያዩትን ነው የደገሙት።

በገበያ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይዣቸው ወጣሁ። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ፀሐይዋ ሲረፍድ አትማርም፤ ስድስት ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ መስሎ ይወጣል። የጭላሎ ተራራ ገና ጉሙን አልገፈፈም። አንዲት ተማሪ ገብስ የሚሸጡ እናት አነሳች። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፣ ከኋላቸው ያለው ሰማይ ያንጸባርቃል። ፎቶው ላይ ነጠላው አመድማ፣ ፊታቸው ጥላሸት ሆኖ ወጣ።

«ስልኬ አይረባም» አለች።

ስልኩ ምንም አልሆነም። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል። ፈረንጅ ይህን የሚማረው በበረዶ ነው፤ እኛ በነጠላና በጋቢ። «ፊታቸው ላይ ነካ አድርጊ፣ ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ግፊ» አልኳት። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ጠፋ፤ ይጥፋ። የግንባራቸው መስመር አንድ በአንድ ወጣ። ዙሙንም ተይው አልኳት፤ የብዙ ስልክ ዙም ሥዕሉን ቆርጦ ማተለቅ እንጂ መቅረብ አይደለም። ሁለት እርምጃ ቀረበች።

«ስማቸውስ?»

አልጠየቀችም። ተመልሳ በኦሮምኛ «መቃን ኬሰን ኤኙ?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ስማቸውን ከመናገራቸው በፊት ፎቶውን ማየት ፈለጉ። አይተው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ «እንደገና አንሺኝ» አሉ። ልጆቹ የትኛው ይውጣ ብለው ተከራከሩ። እኔ ለዜናው የመጀመሪያው ነው ባይ ነኝ፣ እሳቸው እሺ ካሉ። ሁለተኛው የራሳቸው ነው፤ ፎቶ ቤት ታትሞ ይሰጣቸው።

ፊት ካልኩ አይቀር፣ የአሶሼትድ ፕሬሱ ፎቶ ጋዜጠኛ ሙሉጌታ አየነ በ2020 እ.ኤ.አ. በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሲሸለም ብዙዎች ያስታወሱት ፎቶ አፈር እየዘገነች ወደ ገዛ ፊቷ የምትበትን ሐዘንተኛ የሚያሳየው ነው። ቦታው ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. 157 ሰው ያለቀበት የአውሮፕላን አደጋ ስፍራ ነው። ስብርባሪውን ሁሉም አንስቶታል። ከእኔ ጋር የቀረው የእሷ ፊት ነው።

ወደ ክፍል ተመልሰን መግለጫ ሲጽፉ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ስልኩ ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት 9:12 ብሎ መዝግቧል፤ ልጁም «ከቀኑ 9 ሰዓት ከ12» ብሎ ጻፈ። የፈረንጅ ሰዓት ነውና ትክክሉ ጠዋት 3 ሰዓት ከ12 ነው። ከሰዓት በኋላ ገበያ አልነበርንም! በቴሌግራም የተላላኩትም እንዲሁ ፎቶ ተብሎ ስለተላከ ተጨምቆ ደበዘዘ፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።

ያላየሁት ፎቶም አለ። የዚሁ አገር ልጅ ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበርና ሲሮጥ ግራ እጁ የሚታጠፈው ደብተር ከመያዝ የመጣ መሆኑን ዓለም ያወራዋል። ያንን ልጅ መንገድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ ግን አይቼ አላውቅም። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኢንዱራንስ» ፊልምም የልጅነቱን ዘመን ሌላ ልጅ አስተውኖ ነው ያሳየው። ይህን ስነግራቸው ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። እሱም ከገጠር በእግሩ ነው የሚመጣው። ሰኞ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ላይ ሊጠብቁት ተቀጣጠሩ።

«ጫማዬን ግን እንዳታነሱ» አለ።