«ቤት ውስጥ እኮ ነው ያለው»



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በየቤታችን ሌሊት ሌሊት የሚፈጸም፣ ነገር ግን ወላጆች እንደ ቁም ነገር ቆጥረው ሲነጋገሩበት ሰምቼ የማላውቀው ነው። ልጆቻችን ሰው በመጋዝ ሲቆረጥ፣ በወጥመድ ውስጥ ሲፈጭ፣ ቆዳው ሲገፈፍ የሚያሳዩ ፊልሞችን ከአንደኛው ክፍል እስከ ሰባተኛው፣ ከቻሉም እስከ አሥረኛው በአንድ ቁጭታ ያያሉ። አባት በሳሎኑ በር ሲያልፍ ብልጭ ድርግም የሚለውን ብርሃን ያያል፤ «ቤት ውስጥ እኮ ነው ያለው፤ ጫት ቤት አልሄደ፣ ውጭ አላደረ» ይልና ይተኛል። እናትም ብርድ እንዳይመታቸው ጋቢ ጣል ታደርግላቸዋለች። እኔ የምከራከረው ከዚህች «ቤት ውስጥ እኮ ነው» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የምንኖር ሰዎች ሌሊቱን እናውቀዋለን። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ከመግሪብ በኋላ ሰውን ወደ ቤቱ ያስገባዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሚያስገባን ብርዱ ብቻ አይደለም፤ በክልላችን በተነሳው ጦርነት ሳቢያ በምሽት ልጁን ደስ ብሎት ወደ ውጭ የሚልክ ወላጅ የለም። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ወጣቱ በፍላሽና በሚሞሪ ፊልም መቀባበልን ሥራዬ ብሎ ያዘው። እንግዲህ ልጁ ቤት ማምሸቱ የእኛ የአስተዳደግ ውጤት ነው ብለን አንኩራራ፤ ሁኔታው አስገድዶት ነው። ቤት ከገባ በኋላ ምን ያደርጋል የሚለው ግን የእኛ ጥያቄ መሆን ነበረበት።

በዕድሜ እኩዮቼ የሆናችሁ ቪዲዮ ቤትን ታስታውሳላችሁ። ጨለማ ክፍል፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ የፊልም ስም። አባቶቻችን አምርረው ይቃወሙት ነበር። ልጅ ከዚያ ሲወጣ ያየ ጎረቤት የማን ልጅ እንደሆነ ባያውቅ እንኳ ጆሮውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ቪዲዮ ቤቱ ሌላ ደግ ነገር ባይኖረው በር ነበረው፤ በሩንም የሚያይ ሰው ነበር። ዛሬ ያ ክፍል እንዳለ በልጁ ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ ጎረቤትም ቆሞ ጆሮ የሚይዝበት በር የለም።

ከእነዚህ ፊልሞች መካከል ተማሪዎቼ ደጋግመው ስሙን የሚያነሱት «ሶው» የተባለውን ነው፤ በእኛ ቋንቋ መጋዝ ማለት ነው። ጄምስ ዋን እና ሊ ዋኔል የሚባሉ በአውስትራሊያ ያደጉ ሁለት ወጣቶች ወደ አሜሪካ ሄደው የመጀመሪያውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2004 አወጡ። ለሥራው የወጣው ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ብዙም አይዘልም፤ ያስገባው ግን ከ100 ሚሊዮን ይበልጣል። ነጋዴ እንዲህ ያለ ትርፍ አይቶ እንዴት ይተኛል? እስከ 2010 ድረስ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር አንድ አንድ እየጨመሩ ሰባት አደረሱት፤ ከዚያም በ2017፣ በ2021 እና በ2023 ቀጥለውበት አሥር ሆነ። እንደ «ፋይናል ዴስቲኔሽን» ያሉ ሌሎችም አሉ፤ የአንዱን ማወቅ ለሌላው ይበቃል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የመጀመሪያዎቹ 7 ክፍሎች ሲደመሩ 11 ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። አሥሩ ደግሞ 16 ሰዓት ያልፋሉ። ልጁ ኢሻን ሰግዶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቢቀመጥ ሰባተኛው የሚያልቀው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ሱብሒ የት ገባ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከኢሻ በኋላ በወሬ ማምሸትን ይጠሉ እንደነበር መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ተምሮታል፤ ያ እንኳ የሰው ለሰው ጨዋታ ነው። ልጆቹ ይህን ነገር «ማራቶን» ብለው ይጠሩታል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነበር። የሯጭ ስም ጋቢ ለብሶ ለሚያድር ሰው መሰጠቱ ሳያስቀኝ አልቀረም።

«ኡስታዝ፣ ሳያዩ ነው የሚያወግዙት» እንዳልባል ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ልጆቹ አምስት ናቸው፦ ሁለቱ የእህቴ ልጆች፣ አንዱ ጓደኛቸው፣ ሁለቱ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆች። (ነገሩ የአንድ ሃይማኖት ቤት ችግር አለመሆኑን ከዚሁ ተረዱ።) ሁለቱ እንደ እኔው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ነበሩ። የመጀመሪያው ክፍል ሲጀመር አንደኛው አዲስ ፊቱን በጋቢ ሸፈነ፤ ሌላው «በቃ፣ እለፈው! እለፈው!» አለ። በሁለተኛው ክፍል ጋቢው ወረደ። በሦስተኛው ቆሎ ቀረበ። እኔ ሦስተኛው ሳያልቅ ተነስቼ ተኛሁ። ለሱብሒ ከጠራኋቸው ሦስት ልጆች የተነሳው አንድ ነው። ሰግደን ስንመለስ ሰባተኛው ላይ ደርሰዋል። ያ ማታ ፊቱን የሸፈነው ልጅ «የአራተኛው ይበልጥ አሪፍ ነው» እያለ ከጓደኛው ጋር ይከራከራል። አሪፍ የሚለው ሰው የተገደለበትን ዘዴ ነው።

ብዙ ወላጅ ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቅ የሚጨነቀው ልጁ እንዳይፈራ፣ በእንቅልፉ እንዳይባንን ነው። የእኔ ጭንቀት ተቃራኒው ነው። የፈራው ልጅ ጤነኛ ነው። ማስፈራት ራሱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችን እሳት ዳር የጅብ ተረት እየነገሩ አስፈራርተውናል። ግን የፈራ ልጅ የሚሸጎጥበት የአያት ጉያ አጠገቡ ነበር፤ ተረቱም አልቆ እንቅልፍ ይመጣል። እዚህ ግን ፍርሃቱ እስኪሞት ድረስ ይደጋገማል። ሐኪሞች እባብ የሚፈራን ሰው ሲያክሙ መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከቅርብ እያሳዩ ያለማምዱታል፤ ሰውነቱ ቀስ በቀስ መደንገጡን ይተዋል። ይህ የታወቀ ሕክምና ነው። ልጆቻችን በ11 ሰዓት ውስጥ የሚወስዱት ይህንኑ መድኃኒት ነው፤ የሚድኑት ግን ከእባብ ፍርሃት ሳይሆን ለሰው ከመራራት ነው። ለዚህም ነው አንዱን ፊልም በዓመት አንዴ ከማየት ይልቅ ሰባቱን አከታትሎ ማየት የሚብሰው። በመካከል አንጀቱ የሚመለስበት ጊዜ አያገኝም።

«ኧረ ኡስታዝ፣ ደሙ ቀይ ቀለም ነው!» ይሉኛል። አውቃለሁ። ተዋናዩ ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ ምሳውን እንደበላ እኔም አልጠፋኝም። በፊልሙ ላይ የደረሰበትን ሰው አይደለም የምጠይቀው፤ አብሮ ያመሸውን ልጅ ነው። ሰው ሲያለቅስ እያየ ቆሎ መቆርጠምን ሌሊቱን ሙሉ ተለማምዷል። ልምምዱ የቀለም አይደለም።

ሌላው መከራከሪያቸው ደግሞ ይበልጥ ያስገርመኛል። የፊልሙ ዋና ሰው ጆን ክሬመር ይባላል፤ በካንሰር ሊሞት የተቃረበ ሰው ነው። ሕይወታቸውን አላከበሩም የሚላቸውን ሰዎች እየያዘ በወጥመድ ያስራቸዋል፤ ከሰውነታቸው ቆርጠው ወይም ሌላውን ጎድተው ካመለጡ «ሕይወት ምን እንደሆነች ተምረዋል» ይላል። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ «እሱ እኮ አይገድልም፣ ያስተምራል» አለኝ። እኔ ሃያ ዓመት ያህል ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የእኔ ትውልድ በአለንጋ ነው ፊደል የቆጠረው፤ ያን የመሰሉ ቁጡ መምህሮቻችን እንኳ ልጁ ነገም ተመልሶ እንዲመጣ ይፈልጉ ነበር። ደግሞስ ሰውን ለመፈተን ማን ሾመው? ፈተና የአላህ (ሱ.ወ.) ነው፤ የተውባም በር ነፍስ ጉሮሮ እስክትደርስ ክፍት እንደሆነ ተምረናል። ይህ ሰው ለባሪያው የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ እሱም ሰዓት እየቆጠረ። ፊልሙ ደም ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጁ አስመልሶት ይተወው ነበር። ጭካኔን እንደ ትምህርት አድርጎ ስላቀረበለት ግን ዓይኑን ሳይሆን አእምሮውን ያዘው።

አንዳንድ ወላጆች ደግሞ «ልጆቻችን በአረፋ በዓል በግ ሲታረድ እያዩ ነው ያደጉት፤ ደም ምን አዲስ ነገር ነው?» ይላሉ። ይህ ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ቆም ብዬ ልመልስ። በእኛ ሥርዓት ቢላው አስቀድሞ ይሳላል፤ ለዚያውም በጉ በማያይበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንስሳው እያየው ቢላ የሚስለውን ሰው ገሥጸዋል። አንዱ በግ በሌላው ፊት አይታረድም። የአላህ ስም ይጠራል፤ በተቻለ ፍጥነት ይፈጸማል፤ ሥጋው ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለድሃ ይከፋፈላል። በደጃችን ቆሞ ይህን የሚያይ ልጅ ነፍስ ቀላል ነገር አለመሆኗን ይማራል፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገው ለበግ ነውና። ነቢያችን በጦር ሜዳ የወደቀን የጠላት ሬሳ እንኳ መቆራረጥን ከልክለዋል። ፊልሙ ግን ቢላውን አስቀድሞ ለሚሞተው ሰው ያሳየዋል፤ ሥቃዩን ሆን ብሎ ያረዝመዋል፤ ካሜራውን ወደ ቁስሉ ያስጠጋል፤ ከዚያም ለተመልካች መዝናኛ ብሎ ይሸጠዋል። በጋችን ያገኘውን ክብር በዚያ ፊልም ውስጥ ያለ ሰው አላገኘም። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ሰው ወይ ፊልሙን አላየም፣ ወይ እርዱን በቅጡ አላየም።

ለመሆኑ የፊልሙ ባለቤቶች ለገዛ ልጆቻቸው ምን አደረጉ? በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ሲኒማ ገብቶ እንዳያየው ተወስኖበታል። በእንግሊዝ 18 ዓመት ያልሞላው አይገባም። በስፔን ስድስተኛውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2009 መንግሥት በጥቂት ልዩ አዳራሾች ካልሆነ በቀር እንዳይታይ አድርጎት ነበር። የደም ንግዱን የጀመሩት አገሮች ለልጆቻቸው አጥር ሠርተዋል። ለእኛ ልጆች ፊልሙ በፍላሽ ሲመጣ አጥሩ አብሮ አልመጣም። እኛም በቦታው ሌላ አልሠራንም።

ይህን ጽሑፍ ሰላም ባለበት አገር የሚኖር ሰው ቢያነበው «ለአንድ ፊልም ይህን ያህል?» ሊል ይችላል። እኛ ግን ጎጃም ነን። በመራዊ ከተማ በጥር 2016 ዓ.ም. ቢያንስ 45 ሲቪሎች እንደተገደሉ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። መራዊ ከእኛ ከተማ በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ ሻይ የምንጠጣባት ከተማ ናት። ፊልም የዚህ ጦርነት ምክንያት ነው አልልም፤ ሰው ሲኒማ ሳይፈጠርም ይገዳደል ነበር። የምለው ሌላ ነው። ፊልሙ በሚታይበት በዚያው ስልክ፣ በዚያው ስፋት፣ የእውነተኛ ሰዎች ሬሳ ፎቶም ይመጣል። ከላይ ካነሳኋቸው ልጆች አንዱ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሰው አጠገቡ ነበርኩ። «ይሄ ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ጓደኛውን ጠየቀ፤ ጓደኛው «አዎ» አለው፤ በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደሚቀጥለው አለፈ። የሟቹ እናት ምናልባት በዚያች ሰዓት የምትቀብረው ልጅ ነው። ከዚያ ልጅ ጋር ነገ ተቀምጦ ስለ ዕርቅ የሚያወራ ሽማግሌ ከየት ይጀምር?

እናንት ወላጆች ሆይ፣ ስልኩን ንጠቁ አላልኩም፤ ነጥቃችሁ ከሆነ ከጎረቤት ልጅ ጋር ያየዋል። «ሐራም ነው» ብሎ ተናግሮ ወደ መኝታው የሚሄድ አባትም ከዝምተኛው በብዙ አይሻልም። አብራችሁ ተቀመጡ። ምን እንደጫነ ጠይቁት። ፊቱን የሸፈነ ዕለት «ፈሪ» ብለው ከሚስቁበት ጓደኞቹ መካከል አውጥታችሁ ደግ እንዳደረገ ንገሩት፤ ያንን የሚነግረው ሌላ ሰው የለውም።

በከተማችን ለልጆች ፊልም የሚጭን አንድ የሞባይል ቤት ልጅ አለ፤ ሰላምተኛና ታታሪ ነው። ሚሞሪ ይዞ የሚመጣውን ልጅ ዕድሜ ትጠይቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አይጠይቅም። ቅር የተሰኘ ወላጅ መጥቶብህ ያውቃል ወይ አልኩት። «አባቶች ይመጣሉ» አለኝ፤ «ሒሳብ ሊከፍሉ።»