ለጠላቂው ጌጅ፣ ለሕዝቡ ዝምታ

ባሕር ጠልቆ የሚዝናና ሰው ጌጁን ሳያይ ውኃ አይነካም። ስኩባ ዳይቪንግ የሚባለው የፈረንጅ መዝናኛ ሕጉ እንዲህ ነው። በጀርባ የአየር ሲሊንደር ይታዘላል፣ አፍ ላይ የመተንፈሻው ጎማ ይነከሳል፣ ከዚያ አሥራ አምስትም ሃያም ሜትር ወርዶ ከዓሣና ከኤሊ ጋር መዋል ነው። ሲሊንደሩ ሙሉ ሲሆን ጌጁ 200 ገደማ ያነባል። ወደ 50 ሲወርድ፣ ኤሊዋ ምንም ያህል ብታምር፣ ጨዋታው አለቀ፤ ወደ ላይ! ያውም ቀስ ተብሎ፣ አምስት ሜትር ሲቀር ሦስት ደቂቃ ቆሞ። «ጌጁ ተበላሽቷል፣ ግን አምላክ ያውቃል» ብሎ የሚወርድ ጠላቂ የለም። ካለም አይመለስም።

እንግዲህ እኔን የገረመኝ ነገር ይህ ነው። በኮሮና ዘመን እንዲህ ያሉ ጥንቁቅ ሰዎች በሺህ እየሆኑ፣ ጌጁን አውቆ ሰብሮ ወደጣለ አገር ሄደው ጠለቁ። ተዝናንተውም ተመለሱ። አገሩ ታንዛንያ፣ ደሴቷ ዛንዚባር ናት። (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የአክስቴ ልጅ ከነዚህ አንዱ ነው። ስዊድን አገር አውቶቡስ ይነዳል፤ ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ ክረምታቸው ሲመጣ ወደ ሞቃት ባሕር ይሸሻል። ጃንዋሪ 2021 ላይ ከዛንዚባር ሲመለስ በአዲስ አበባ አለፈና ቡና ጠጣን። እኔ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ እሱ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮና ወዝቶ። ስልኩን አውጥቶ ምኔምባ የምትባለዋን ትንሽ ደሴት፣ ዙሪያዋን ያለውን ኮራል፣ እንደ አበባ የተበተኑትን ዓሦች አሳየኝ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። «እንዴት ያለ ነፃነት መሰለህ! ማስክ ያደረገ ሰው አላየሁም» አለኝ። «ኮሮናስ?» ስለው ሳቀብኝ። «እዚያ ኮሮና የለም እኮ፣ ወንድሜ!»

«ማን ነገረህ?»

«መንግሥታቸው።»

ይህ ሰው የስዊድን መንግሥት የሚናገረውን አንድም ቃል ሳይከራከር አይቀበልም። የታንዛንያን መንግሥት ግን በአንድ ጀንበር አመነ። ትኬት የቆረጠ ሰው የሚያምነው ትኬቱን ነው መሰለኝ። እስከ ዛሬም «በሕይወቴ ምርጡ ዕረፍት» የሚለው ያንኑ ነው። እኔም እስከ ዛሬ አልተስማማሁም።

መንግሥታቸው ምን እንዳደረገ እንይ። ታንዛንያ የመጀመሪያውን በሽተኛ ማርች 16 ቀን 2020 አስታወቀች። ለስድስት ሳምንት ያህል እንደማንኛውም አገር ቆጠረች። ኤፕሪል ሊያልቅ ሲል የመጨረሻው አገር አቀፍ መግለጫ ወጣ፤ ሜይ መግቢያ ላይ ዛንዚባር የራሷን ጥቂት አከለች፤ ከዚያ ጸጥ! 509 ሕሙማን፣ 21 ሙታን። ይህ ቁጥር በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይነቃነቅ ተቀመጠ።

ፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ የነበራቸው ሰው ናቸው። ሜይ ወር ላይ ወጥተው «ከፓፓያና ከፍየል የተወሰደ ናሙና በሰው ስም ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ኮሮና አለበት ተብሎ መጣ» አሉ። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ከሥራ ታገዱ። መቼስ መሣሪያ ይሳሳታል፤ የተሳሳተን መሣሪያ ማስተካከል ደግሞ የአባት ነው። እሳቸው ግን መቁጠሩን ራሱን እርግፍ አድርገው ተዉት። ሜይ 18 ሰማዩ ለቱሪስት ተከፈተ፤ አሥራ አራት ቀን ተለይቶ መቀመጥም ቀረ። ጁን 8 ላይ በጸሎት ኃይል አገሪቱ ከኮሮና ነፃ ወጥታለች ተባለ። ኦገስት 1 ሩሲያ ለዜጎቿ የውጭ በረራ መልሳ ስትፈቅድ መጀመሪያ ከመረጠቻቸው ሦስት አገሮች አንዷ ታንዛንያ ነበረች። የበረዶ አገር ሰው ዛንዚባርን ሞላት።

አሁን ወደ ጀልባው እንመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። የአክስቴን ልጅ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ጠላቂው ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መነጽሩን ጭጋግ እንዳይዘው ምራቁን እንትፍ ይልበትና በጣቱ ያሸዋል። የጀልባው ልጅ ተቀብሎ በባልዲ ውኃ ያለቀልቅለታል። የሚከራየው የመተንፈሻ ጎማ ዛሬ በአንዱ አፍ፣ ነገ በሌላው አፍ ይገባል። ለክፉ ጊዜ የሚሆን ትርፍ ጎማም አለ፤ የጓደኛህ አየር ቢያልቅ አንተ ጋር ካለው ይስባል፤ ይህንንም ሥልጠና ላይ አፍ ለአፍ እየተቀባበሉ ይለማመዱታል። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ስለ ትንፋሽ በሽታ እየተወራ ነው! የጠላቂዎቹ ድርጅቶች ራሳቸው በ2020 «ምራቁን ተዉት፣ ጎማውን በመድኃኒት እጠቡ፣ ኮሮና ይዞት የዳነ ሰው ሳንባው ሳይመረመር አይጥለቅ» የሚል መመሪያ አውጥተው ነበር። ሳንባ ላይ ጠባሳ ካለ ወደ ላይ ሲወጣ የታመቀው አየር መውጫ ያጣል፤ ሰውየውን ከውስጥ ይቀደዋል።

«የጀልባ ልጆቹስ ምን ያደርጋሉ?» አልኩት። ሲሊንደር ይሸከማሉ፣ ጎማ ያጥባሉ፣ እንግዳውን ክንዱን ይዘው ከውኃ ያወጣሉ። በአራተኛው ቀን መሪያቸው ቀረ። የት ሄደ ሲባል «ሐዘን ላይ ነው፣ ታላቅ ወንድሙ ሞቶ» ተባለ። ምን ነክቶት? «ኒሞንያ።» የአክስቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ምንም ለውጥ አላየሁም። ቀጥሎ ስለ ኤሊዋ አወራኝ።

ኒሞንያ! በዚያ ሰሞን ታንዛንያ ውስጥ የተፈቀደው ስም ይህ ነበር። እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ኮሌራን ኮሌራ ላለማለት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ብለን፣ እሱም ሲረዝምብን «አተት» ብለን ያሳጠርን ሰዎች ነን። በ2016 ክረምት አዲስ አበባ አተት ሲገባ ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙ የተቀየረበትንም ምክንያት እናውቅ ነበር። በሽታው ግን ስም አይመርጥም፤ በአተትም በኮሌራም ሰው ይሞታል። ልዩነቱ በኮሌራ ስም ሲሞት ጎረቤት ውኃውን አፍልቶ መጠጣቱ ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ላስገባ፦ ብዙ ሰው ጠላቂው ያዘለው ኦክስጅን ይመስለዋል። አይደለም። እኔና እናንተ የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፤ ታምቆ የተሞላ። ለበሽተኛ የሚሰጠው ኦክስጅን ሌላ ነው። በዚያው በ2021 መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በሽተኛውን ይዞ ኦክስጅን ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲንከራተት ያየ ሁሉ ልዩነቱን ያውቀዋል። ስለዚህ «የቱሪስቱን ሲሊንደር ለሕሙማን ስጡ» የሚል የዋህ ክርክር አላነሣም።

«ታዲያ ደሴቲቱ ምን ትብላ?» የሚለኝ ግን አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዛንዚባር ድሮ በቅርንፉድ ትኖር ነበር፤ ዛሬ የምትኖረው በቱሪስት ነው። ሆቴሉ ሲዘጋ ለጀልባ ልጅ እራት የለም ማለት ነው። «እቤታችሁ ተቀመጡ» ማለት ደመወዙ ለማይቀርበት ሰው ይቀላል፤ እኔ በጽሑፍ ብዛት የምከፈል ሰው ነኝና ይህ ይገባኛል። ዛንዚባር በሯን መክፈቷን አልነቅፍም።

የምነቅፈው ሌላ ነው። በዚያው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ማልዲቭስ የምትባል፣ እሷም እንደ ዛንዚባር ባሕሯን ለጠላቂ እያሳየች የምትኖር አገር አለች። ጁላይ 15 ቀን 2020 በሯን ከፈተች። ከሴፕቴምበር ጀምሮ እንግዳው የምርመራ ወረቀት ይዞ እንዲመጣ አደረገች። የተያዘውን በየቀኑ ቆጥራ አወጣች። በ2019 አንድ ነጥብ ሰባት ሚሊዮን ጎብኚ ያስገባች አገር በ2020 ያገኘችው 555,494 ነው፤ ተጎዳች፣ ግን በላች። ሜይ 2021 ላይ ወረርሽኙ ክፉኛ ሲነሣባት ዓለም ሁሉ አወቀ፤ ራሷ ተናግራለችና። ማልዲቭስ ጻድቅ ናት አላልኩም፤ ማሌ ከተማ ውስጥ በአንድ ክፍል ታጭቀው የሚያድሩት የባንግላዴሽ የቀን ሠራተኞች ያዩትን ፍዳ እነሱ ይንገሩን። ነገር ግን እየከፈቱ መቁጠር እንደሚቻል አሳይታለች። ስለዚህ «ወይ ረሃብ ወይ ዝምታ» የሚለው ምርጫ የውሸት ምርጫ ነበር።

ዝምታው ደግሞ እንዲያው አልመጣም፤ በቅጣት ነው የተገዛው። ኤፕሪል 2020 ላይ «ምዋናንቺ» የተባለው ጋዜጣ ፕሬዚዳንቱ በሰው ተከበው ዓሣ ሲገዙ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ገጹ ላይ አወጣ ተብሎ ገንዘብ ተቀጣ፤ የኢንተርኔት ፈቃዱም ለስድስት ወር ታገደ። በጁላይ «ክዋንዛ» የተባለው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ያወጣውን የጤና ማስጠንቀቂያ በማሰራጨቱ አሥራ አንድ ወር ተዘጋ። እንግዲህ ቱሪስቱ ዓሣ እያየ ፎቶ ማንሣት ይችላል፤ የአገሩ ጋዜጠኛ ግን ዓሣ የሚገዛውን ሰው ፎቶ ማሳየት አይችልም!

ነገሩ ተደብቆ አልቀረም፤ ቤተ መንግሥቱን አንኳኳ። የዛንዚባር አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት ሰይፍ ሻሪፍ ሃማድ ኮሮና እንደያዛቸው ፓርቲያቸው ራሱ በይፋ ተናገረ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2021 ዳሬሰላም ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። በዚያው ቀን የፕሬዚዳንቱ ዋና ጸሐፊ ጆን ኪጃዚ አረፉ። ከጥቂት ቀን በኋላ የገንዘብ ሚኒስትሩ «ሞተዋል የተባለው ውሸት ነው» ለማለት ከሆስፒታል ደጃፍ በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሲስሉ ታዩ። የካቶሊክ ጳጳሳቱ ጉባኤ በሁለት ወር ውስጥ ከ25 በላይ ካህናትና ከ60 በላይ መነኮሳይት በመተንፈስ ችግር እንደሞቱ ተናገረ። መንግሥት ባይቆጥር ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን ቆጠረች። ማርች 17 የማጉፉሊ ሞት ተነገረ። መንግሥት «ልብ ነው» አለ፣ ተቃዋሚዎቻቸው «ኮሮና ነው» አሉ። ምርመራ የሌለበት አገር መሪም ቢሆን በምን እንደሞተ ሕዝቡ አምኖ አይቀበልም።

የውጭው ዓለም ግን ከጥዋቱ ጠርጥሯል። ብሪታንያ ጃንዋሪ 22 ከታንዛንያ የሚመጣ መንገደኛ እንዳይገባ ከለከለች። በፌብሩዋሪ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር፣ የአገራችን ሰው ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም፣ ከታንዛንያ የወጡ መንገደኞች በሌላ አገር ሲመረመሩ በሽታው እንደተገኘባቸው ጠቅሰው መንግሥቱ መረጃውን እንዲያወጣ ለመኑ። ሩሲያም ኤፕሪል 15 በረራዋን አቋረጠች።

የአክስቴ ልጅ ቦሌ ሲደርስ ያሳየው የምርመራ ወረቀት ነበረው፤ ከዛንዚባር የተቆረጠ። ኮሮና የለም ከተባለበት ደሴት ለመውጣት ከኮሮና ነፃ ነህ የሚል ወረቀት ገንዘብ ከፍሎ ወሰደ! ለሚሄደው እንግዳ ምርመራም ውጤትም ነበረ። ለሚቀረው ሕዝብ የሚነገር ቁጥር አልነበረም። ለዚህ ነው «ነፃነት» ያለው ነገር የማይዋጥልኝ። ነፃነቱን የከፈለለት ጎማ የሚያጥበው ልጅ ነው። ጠላቂ በደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እስኪረጋ አሥራ ስምንት ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ የአክስቴ ልጅም ሰዓቱን ቆጥሮ ጠብቋል። ለራሱ ደም ሲሆን መቁጠር ያውቅበታል።

በኋላ ነገሩ ተቀየረ። ማጉፉሊን የተኩት ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን የዛንዚባር ተወላጅ ናቸው። የባለሙያ ኮሚቴ አቋቋሙ፣ ጁላይ 28 ቀን 2021 በካሜራ ፊት ክንዳቸውን ለክትባት ሰጡ። ቁጥሩም እንደገና መውጣት ጀመረ። ያለፉት ወራት ግን እንደ ባዶ ቀሩ።

ጠላቂ የሚይዘው ደብተር አለ። ቀኑ፣ ቦታው፣ ስንት ሜትር ወረደ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ሲገባ ስንት አየር ነበረው፣ ሲወጣ ስንት ቀረው፣ አብሮት የጠለቀው ሰው ፊርማ። የአክስቴ ልጅ የጃንዋሪ 2021 ስምንት ጠልቆዎቹን አንድ ሳያጎድል ጽፏቸዋል። በዚያው ወር በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ላይ የታንዛንያን ረድፍ የሚያይ ሰው በአዲስ ሕሙማን አምድ ስር የሚያገኘው ዜሮ ነው፤ በሙታን አምድ ስርም ዜሮ።