ቁርጥና ቁርጠኝነት

ቄራ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከከተማው ከብት ማረጃ ነው። ሥራው የሌሊት ሥራ ነው። ከተማው ተኝቶ አራጁ ያርዳል፣ ገፋፊው ይገፋል፣ ሐኪሙ ይመረምራል፣ ጤነኛው ሥጋ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ መኪናው ወደየልኳንዳው ይበተናል። ቄራ ጻድቃን የተሰበሰቡበት ነው አላልኩም። ግን እዚያ ሥራ ከተበላሸ ባለልኳንዳው ማለዳ አይቶ ይጮሃል። ሥጋ በሪፖርት አይሸፈንም።

አሁን ደግሞ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወደ አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንግባ። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ባለኮቱ የለም። አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው። ግድግዳው ላይ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት ተለጥፏል። ከእሴቶቹ መካከል “ቁርጠኝነት” አይጠፋም። ቁርጥና ቁርጠኝነት የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይለጠፋል።

ችግሩ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ሲቪል ሰርቪሱ ያልሞከረው መድኃኒት የለም። ቢፒአር መጣ፤ ሠራተኛው ተበጥሮ እንደገና ተመደበ። ቢኤስሲ ተከተለ። ካይዘን ከጃፓን መጣ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። የለውጥ ሠራዊት ተባለ፣ አንድ ለአምስት ተደራጁ ተባለ። በየጊዜው በሽተኛ ተብሎ አልጋ ላይ የሚጋደመው ግን ሠራተኛው ነው። አለቃው ሁሌም ሐኪም ነው።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹንም ኃላፊዎቹንም ለብቃት ምዘና አስቀመጠ። ከኃላፊዎቹ የወደቀው ካለፈው በለጠ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይሏል ይህ ነው።

ማየርና አለን የተባሉ ሁለት የካናዳ ምሁራን በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ሰው መሥሪያ ቤቱን የሙጥኝ የሚልበትን ምክንያት ሦስት ቦታ ከፍለውታል። አንዱ ወዶት ይቆያል። ሁለተኛው ቢለቅ ስለሚጎዳ ይቆያል። ሦስተኛው ይሉኝታ ይዞት ይቆያል። የእኛ ቢሮዎች በሁለተኛው ዓይነት ሰው የተሞሉ ናቸው። ጡረታው ያሳሳዋል፣ ሌላ በር አይታየውም። አካሉ ሰዓት ፊርማው ላይ ነው፣ ልቡ ከለቀቀ ቆይቷል። ያንን ሰው ሰብስቦ “ቁርጠኛ ሁን” ማለት ደረቅ ላም ማለብ ነው።

“ነገሩ የደመወዝ ነው” የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ የመንግሥት ደመወዝ የቤት ኪራይ እንኳ በቅጡ አይከፍልም። ግን በአንድ ግቢ፣ በአንድ የደመወዝ እርከን አንዱ ክፍል ሲሠራ ሌላው ሲያንቀላፋ አላየንም? ልዩነቱ ምን ይሆን? አንዱ ክፍል አለቃው ሥራውን ያውቃል፣ ሲበላሽ ከሠራተኛው ጋር ይጨነቃል፣ ሲሳካ ምስጋናውን ብቻውን አይወስድም። የሌላው አለቃ ትናንት ከሌላ ቢሮ ተሹሞ መጣ፣ ነገ ወደ ሌላ ይሄዳል። ዓይኑ ወደ ላይ ነው፤ የሾመው ከላይ ነውና። የላይኛው የሚጠይቀው ሪፖርት ነው፣ ስለዚህ ሪፖርት ይመረታል። ሠራተኛውም ሞኝ አይደለም፤ መሥራት ሳይሆን ሲሠራ መታየት እንደሚያዋጣ ቶሎ ይገባዋል። ግምገማ ላይ የተናገረ “አፈንጋጭ” ይባላል፣ ዝም ያለ ዕድገት ያገኛል። ከዚህ በኋላ ቁርጠኝነት ከየት ይምጣ?

እንግዲህ መፍትሔው አዲስ የባሕር ማዶ ምህጻረ ቃል ማስመጣት አይመስለኝም። ሠራተኛው አለቃውን ይመዝን፤ ነጥቡም ለሹመትና ለሽረት ይቆጠር። በር ላይ ሲመላለስ የሚውለው ባለጉዳይ ቃሉ ከሪፖርቱ ይቅደም። የሥራውን ሀሁ የማያውቅ ሰው፣ ታማኝ ስለሆነ ብቻ፣ ሥራ አዋቂ ላይ አይሾም።

ሹሞቻችን ይህን እስኪቀበሉ ድረስ ስለ ሠራተኛው ቁርጠኝነት ባይሰብኩን ደግ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። መጀመሪያ ግን የእነሱን እንባ እንይ።