አፍ የሚፈታው ፓስፖርት

ባለፈው ክረምት አንዲት ጓደኛዬ የትምህርት ማስረጃዎቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ ዝናብ እየደበደባት ቤቴ ድረስ መጣች። የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። በዚሁ ቋንቋ በዲግሪ ተመርቃ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጠመኔ ብናኝ ስትጠጣ የኖረች። ደቡብ ኮርያ ሄዳ እንግሊዝኛ ማስተማር ፈልጋለች። «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህም እንዴ? ማመልከቻዬን አሳምርልኝ» አለችኝ። እኔ ያለችኝ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ናት፤ ለማሳመር ግን ሳትበቃ አትቀርም ብዬ ብዕሬን መዘዝኩ።

እውነቱን ለመናገር የማሳምረው ነገር አላገኘሁም። ልጅቱ ከኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ትጽፋለች። ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨምሬ፣ አንዱን መልሼ አጥፍቼ ተላከ። በአምስተኛው ቀን ከአስቀጣሪው ድርጅት መልስ መጣ፤ ሦስት መስመር። ስለ ዲግሪዋ የተነሣ ነገር የለም፤ ስለ አሥራ አንድ ዓመቱም የለም። የያዝሽው ፓስፖርት ከዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም፣ ስለ ፍላጎትሽ እናመሰግናለን፤ አለቀ።

ዝርዝሩ እንዲህ ነው። ደቡብ ኮርያ ለውጭ ቋንቋ መምህራን የምትሰጠው «ኢ-2» የተባለ ቪዛ አለ። በዚህ ቪዛ ገብቶ እንግሊዝኛ ለማስተማር በደንቡ የአሜሪካ፣ የብሪታንያ፣ የካናዳ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራልያ፣ የኒውዚላንድ ወይም የደቡብ አፍሪካ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። ሰባት አገር። ምክንያቱ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ስለሆነ ነው ይባላል። ዲግሪ ይጠየቃል፤ የምን ዲግሪ እንደሆነ ግን ቪዛው ግድ የለውም። ትናንት በሒሳብ አያያዝ ወይም በደን ልማት የተመረቀ የሃያ ሁለት ዓመት የቶሮንቶ ጎረምሳ፣ በዕድሜው አንድ ቀን ሰሌዳ ፊት ቆሞ ባያውቅም፣ በሩ ይከፈትለታል።

አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ አንድ አገር ማንን እንደሚያስገባ የመምረጥ መብት አለው። ጠቤ ከምርጫው ጋር አይደለም። ጠቤ የፓስፖርትን ምርጫ የቋንቋ ችሎታ ብሎ ከመጥራቱ ጋር ነው። እስቲ ደቡብ አፍሪካን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ እቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገረው ሰው ከመቶ 10 አልሞላም፤ ዙሉኛ፣ ቆሳኛና አፍሪካንስ ይቀድሙታል። አፉን በዙሉኛ የፈታው መምህር እንግሊዝኛን የተማረው እንደ ጓደኛዬ በትምህርት ቤት ነው። ይግባ፤ ደስ ይለኛል፤ ጎበዝ መምህር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እሱ ከገባ ጋናዊው፣ ናይጄሪያዊውና ኬንያዊው በምን ኃጢአታቸው ቀሩ? ህንዳዊውስ? ለህንዳውያን መምህራን በሩ ገርበብ ያለው አገራቸው ከደቡብ ኮርያ ጋር የተፈራረመችው የኢኮኖሚ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። በስምምነቱ ዋዜማ ተይዞ የነበረ አፍ በማግሥቱ ተፈታ ማለት ነው!

ይህን ሳወራ የሰፈራችን አንድ አዛውንት «ቃኘው ሻለቃ በ1943 ለኮርያ ሲዘምት ፓስፖርት ማን ጠየቀው?» አሉኝ። ክርክሩ ይጣፍጣል፤ እኔ ግን አልገዛቸውም። እዚያ የወደቁት ሰዎች የሥራ ማመልከቻ አባሪ አይደሉም።

ጠንከር ያለው መከራከሪያ ሌላ ነው። «ተማሪው ትክክለኛውን አነጋገር ከምንጩ ይስማ» ይላሉ። ከምንጩ መስማት ጥቅም እንዳለው አልክድም። ግን የትኛው ምንጭ? የግላስጎው ሰው፣ የቴክሳስ ሰውና የጆሃንስበርግ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን አልክ?» ነው። ደግሞስ መስማትና መማር አንድ ናቸው ያለው ማነው?

እዚህ ላይ ከጓደኛዬ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ኮርያኛ እንደ አማርኛ ግሱን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። የኮርያ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጀምር ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን የቃላት ሰልፍ ማዞር አለበት፤ ልክ የጎንደር ወይም የደብረ ብርሃን ልጅ እንደሚያዞረው። የቶሮንቶው ጎረምሳ ይህንን ሰልፍ አዙሮ አያውቅም፤ ከእናቱ ጡት ጋር ዞሮ ነው የተሰጠው። እሷ ግን አዙራዋለች። በየትኛው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ላይ ምላስ እንደሚተሳሰር፣ በስንተኛው ወር እንደሚፈታ በራሷ ላይ አይታዋለች። ድምፅም እንደዚያው ነው። እኛ ተነባቢ ሲደራረብብን አናባቢ እንወሽቃለን፤ «እስፖርት»፣ «እስትሪት» እንላለን። ኮርያውያንም ይወሽቃሉ። በእንግሊዝኛ አንዴ ብቻ ተስባ የምትወጣው «ስትራይክ» በኮርያ አፍ «ሱ-ቱ-ራ-ኢ-ኩ» ሆና አምስት ቀለም ትሆናለች። ይህ ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ጓደኛዬ በሰላሳ ደቂቃ ታስረዳችኋለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ስታርመው ኖራለችና። ባለ ሰባቱ አገር ሰው ደግሞ ቀና ቢሆንም፣ ትጉህ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ያለው መልስ አንድ ነው፦ «እንደዚህ ነው የምንለው»።

እስካሁን በኮርያ ላይ ጮህኩ። ጩኸቴ ለራሴም እንዳይተርፈኝ እፈራለሁ፤ ምክንያቱም ይኸው ሰባት አገር አዲስ አበባም ውስጥ አለ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የግል ትምህርት ቤት የማስተዋወቂያ ጽሑፍ አጻፈኝ። ሥራ ፈትቼ፣ የቤት ኪራይ ሁለት ወር ተጠራቅሞብኝ ነበር። ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «እንግሊዝኛን አፍ መፍቻቸው በሆነ የውጭ አገር መምህራን እናስተምራለን» የሚል ነው። ወላጅ ጎረፈ። «የውጭ አገር መምህራን» የተባለው በነጠላ ነበር፤ አገር ሊጎበኝ መጥቶ ገንዘብ ያለቀበት አንድ ወጣት። ክፍያው ከሐበሾቹ እጥፍ በላይ እንደነበረ የነገሩኝ እዚያው የሚሠሩ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ እዚያ የምታስተምረው ጓደኛዬ ክፍሏን ያስረከበችው ለሱ ነው። ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ መሆኔን እስከዚህ ክረምት ድረስ አልነገርኳትም። ፌስታሉን ከፍታ ወረቀቶቿን ጠረጴዛዬ ላይ ስትደረድር ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ዓረፍተ ነገሩስ ሰዋስዉ ልክ ነበር?» አለችኝ።

በእርግጥ ይህ ልማድ ከመሬት አልበቀለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ፣ ማለትም ፒስ ኮር፣ ከ270 የሚበልጡ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አንድ ክረምት ሠልጥነው መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ተበተኑ። ብዙዎቹ ከኮሌጅ ከወጡ ገና መንፈቅ ያልሞላቸው ነበሩ። አባቶቻችን እስካሁን በስም እየጠሩ ያመሰግኗቸዋል፤ ምስጋናውም ይገባቸዋል። ግን ከምስጋናው ጋር አንድ ዕዳ ወረስን፤ እንግሊዝኛ የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ ሐበሻ ሲያስተምረው ልባሽ ይሆናል የሚል። እኔን ያስተማሩኝ ሰባተኛ ክፍል ላይ ከአገር ወጥተው የማያውቁ ሴት መምህር ናቸው። ዛሬ በእንግሊዝኛ የማነበው ሁሉ ከሳቸው ጠመኔ የወጣ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? የሴኡሉ አስቀጣሪ እኛ ራሳችን የናቅነውን አጥር ቢነቀንቅ ምን ይገርማል?

የውጭ አገር ሰው ቋንቋ ሊያስተምር መሄድስ ለኛ አዲስ ነገር ነው? እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጎታ በተባለች የጀርመን ከተማ ተቀምጠው ሂዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ አስተምረውታል። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረቱ የሳቸው ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በርሊን ሄደው አማርኛ አስተምረዋል። እነዚህ ሰዎች የተጠሩት አማርኛ ተናጋሪ ስለሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከገበያ አንድ ባለ አህያ ይዞ መሄድ ይበቃ ነበር። የተጠሩት ሊቃውንት ስለነበሩ ነው፤ ግዕዙን፣ ቅኔውን፣ ታሪኩን ያውቃሉ። አፍ መፍታትና ማስተማር ሁለት ሙያ መሆኑን የበርሊን ሰዎች ያኔ አውቀውታል።

እኔ ያወቅሁት ግን ዘንድሮ፣ በራሴ ውርደት ነው። መልሱ ከመጣ ከሁለት ወር በኋላ ጓደኛዬ ደወለችልኝ። እዚሁ አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ ኮርያዊ መሐንዲስ አማርኛ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል፤ እሷ ጊዜ የላትም። «ማስተማር እኮ አልችልም» ስላት ሳቀችብኝ። «አማርኛ አፍ መፍቻህ አይደል? እሱ ይበቃል።» ሰውየውም ዲፕሎማዬን አልጠየቀኝ፣ ፓስፖርትም አልጠየቀኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ቦሌ አካባቢ ካለ አንድ ካፌ እንገናኛለን። የሚከፍለኝም ጓደኛዬ በሰዓት አግኝታው የማታውቀውን ያህል ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን ገልጦ አንድ ጥያቄ አመጣ። «መጣሁ» ማለት ጉዞዬ አልቋል፣ እዚህ ደርሻለሁ ማለት ነው ብዬ አስተምሬዋለሁ። የቢሮው ጸሐፊ ግን በሩን ከፍታ ስትወጣ «መጣሁ!» ብላው ሄደች። አስተናጋጁም ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ጓዳ እየሄደ «መጣሁ!» ይለዋል። «መምህር፣ ኢትዮጵያውያን ስትሄዱ ለምንድን ነው መጣሁ የምትሉት?» አለኝ።

ማኪያቶዬን አማሰልኩ። «እንደዚህ ነው የምንለው» አልኩት። እሱም እንደ ጨዋ ተማሪ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጻፈው።

ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩላት። ሃምሳ ደቂቃ አስረዳችኝ፤ አንድ ገጽ ተኩል ማስታወሻ ያዝኩ። ስንጨርስ የሰዓቷን ሒሳብ ላካፍላት ጠየቅኋት። «ቆይ፣ በሩ እየተንኳኳ ነው፤ መጣሁ» አለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።