ጉልበት በጠርሙስ ይገኛልን?

አያታችሁ ከባሕር ማዶ የተላከላቸውን የክኒን ጠርሙስ ይዘው፥ «ልጆቼ፥ እስቲ ይህን አንብቡልኝ» ቢሏችሁ፥ በላዩ «ኮኢንዛይም ኪው 10» የሚል ጽሑፍ ታገኙ ይሆናል። ይህን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1957 ፍሬደሪክ ክሬን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከበሬ ልብ ለይቶ አወጣው። ሥራው በሕዋሳት ውስጥ ምግብ ወደ ኃይል እንዲለወጥ መርዳት ነው። ሰውነት ራሱ ያዘጋጀዋል፤ ከሥጋ፥ ከዓሣና ከኦቾሎኒም ጥቂት ይገኛል።

ዕድሜ ሲገፋ በልብ ውስጥ ያለው መጠን እንደሚቀንስ አይካድም። ይሁን እንጂ ክኒኑ የጤነኛውን አዛውንት ጉልበት ይመልሳል የሚለው ወሬ ማስረጃ ይጎድለዋል። በእኔ አስተያየት ገንዘቡ (ዋጋውም ቀላል አይደለም) ለእንቁላልና ለወተት ቢውል ይሻላል። 420 የልብ ድካም ሕመምተኞች የተካፈሉበት፥ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ክኒኑ እንደጠቀመ አሳይቷል፤ ነገር ግን ሕመምተኞቹ የወሰዱት ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር እንጂ በመድኃኒታቸው ፋንታ አልነበረም። አያታችሁ የሐኪሙን መድኃኒት ትተው በዚህ ቢተኩት ልባቸውን ለአደጋ ያጋልጣሉ። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነም ክኒኑ የመድኃኒቱን ኃይል ሊያዳክም ይችላል። እንግዲህ አንብባችሁላቸው ስትጨርሱ፥ ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ጠይቋቸው፤ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ወደ ሐኪማቸው አብራችሁ ሂዱ።