ሸሪክህን «ሌባ ነው» ቢሉህ

የዛሬው ጉዳያችን የፍቅር አይደለም፤ ግን እንደ ፍቅር እንቅልፍ ይነሳል።

ደብዳቤው የመጣው ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ አካባቢ ነው። ጸሐፊው ከአንድ ጓደኛው ጋር የሙዚቃ ዝግጅትና የባዛር መግቢያ ትኬት ከአዘጋጆች እየተረከበ ይሸጣል። ሁለት ዓመት በሰላም ሠርተዋል። አሁን ግን እዚያው ሰፈር ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች «ያ ሸሪኩ አንዱን ትኬት ለሁለት ሰው ይሸጣል፤ የተሰረዘውን ዝግጅት ገንዘብም በልቶታል» እያሉ ለአዘጋጁም፣ ትኬት ለሚሸጡላቸው ባለሱቆችም አወሩ። አዘጋጁ ስልክ ማንሳት ትቷል። ባለቤቱ ደግሞ «ይዞህ ሳይጠፋ ተለየው» ትለዋለች። ለቀጣዩ ዝግጅት የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። «ልመነው ወይስ ልለየው?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ ከመምከሬ በፊት የራሴን ጉድ ልንገርህ። 12ኛ ክፍል እንደጨረስኩ ሳሪስ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ከአብሮ አደጌ ጋር በኮሚሽን ትኬት እንሸጥ ነበር። አንድ ቀን እዚያው አካባቢ የሚሸጥ ሌላ ሰውዬ ቡና ጋበዘኝና «ያ ልጅ 40 ትኬት ደብቆ ለብቻው እየቸበቸበ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ልጁን አንዲት ቃል አልጠየቅኩትም። በማግስቱ ጥራዞቹን ሰብስቤ ወሰድኩ፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ሰርቆኛል» አልኩ። በኋላ ከአዘጋጁ ጋር ሂሳብ ስንዘጋ 40ዎቹ ትኬቶች ተመላሽ ውስጥ ተገኙ። የመለሰው ማነው ብዬ ወረቀቱን ባየው ፊርማው የኔው ነው። ረስቼው ኖሯል! ሰውዬው ግን እስከዚያ ድረስ ደንበኞቻችንን ጠቅልሎ ወስዷቸዋል። አብሮ አደጌ ይቅርታዬን ተቀበለ፤ ሥራ ግን ዳግም አብሮኝ አልሠራም። ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ በአንገት ብቻ ነው የምንሳለመው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፣ ለሌላ ሰው ከማውራትህ በፊት እሱን ራሱን ጠይቀው። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ተቀመጡ። «ሌባ ነህ ወይ?» አትበለው፤ ለዚህ ጥያቄ የሌባውም የንጹሑም መልስ አንድ ነው። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ዝግጅት፣ ይህን ያህል ትኬት ይላሉ» በለው። ወሬኞቹንም «የትኛው ዝግጅት? ስንት ትኬት? ማን ገዛው?» ብለህ ጠይቃቸው። መልስ ካጡ ነገሩ ባዶ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ቢበዛ በአህያ አይጫንም።

ሁለተኛ፣ አብራችሁ ቁጠሩ። የተሸጠው፣ በግብዣ የተሰጠውና ተመላሹ ሲደመር ከተረከባችሁት ጋር እኩል መምጣት አለበት። አንድ ተከታታይ ቁጥር በር ላይ ሁለቴ ከመጣ አንዱ ፎርጅድ ነው፤ ያተመው ግን ሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል ገዢው ከማን እንደገዛ ይጣራ። የተሰረዘውን ዝግጅት ገንዘብ በተመለከተ የባንኩንና የቴሌብሩን ዝውውር ተመልከቱ። ለአዘጋጁ ገብቷል ወይስ እናንተ ጋ ቀርቷል? እናንተ ጋ ከሆነ ለገዢዎቹ ዛሬውኑ መልሱ። ገዢው አንተንና ሸሪክህን ለይቶ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ «ተቀናቃኝ ስለሆነ ይዋሻል» ብለህም አትደምድም። በአሜሪካ ሶንግኪክ የተባለ ትኬት ሻጭ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ግዙፉን ቲኬትማስተር ከሰሰው፤ ኋላም «ኮምፒውተሬ ውስጥ ገብተው ምስጢሬን አይተዋል» የሚል አቤቱታ ጨመረ። በ2020 መጨረሻ ቲኬትማስተር ድርጊቱን አምኖ 10 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ከሳሹ ተቀናቃኝ ነበር፤ ክሱ ግን እውነት ሆነ።

ሂሳቡ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወረቀቱን ይዛችሁ ሁለታችሁም አዘጋጁ ቢሮ ሂዱ። ብቻህን አትሂድ፤ ብቻህን ከሄድክ «ሸሪኩም ሸሽቶታል» ይባላል። ስለ ተቀናቃኞቻችሁ አንዳች ክፉ ነገር አትናገሩ፤ ቁጥሩ ይናገር። ለሰዎቹ ሽማግሌ ላኩባቸው። አሻፈረኝ ካሉ ሕግ አለ፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የሌላውን ነጋዴ ስም በሐሰት ማጉደፍን ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ይለዋል። ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረ መዝግበህ፣ ምስክር ይዘህ ጠብቅ።

ጥፋት ከተገኘበትስ? አትደብቅለት። አዘጋጁ ከሌላ ሰው ሳይሰማ አንተው ንገረው፤ የገዢዎቹን ገንዘብ አስመልስ፤ ሂሳባችሁን በሽማግሌ ፊት በጽሑፍ ዝጉና በሰላም ተለያዩ። ሰፈሩን ሁሉ ግን አታዳርስ።

ባለቤትህንም አትቆጣት፤ የፈራችው ለልጆቿ ጉሮሮ ነው። ቆጥረህ ስትጨርስ ወረቀቱን አሳያት። ሦስት ሳምንት ለመቁጠር ይበቃል፤ ያለ ጥፋቱ ያባረሩትን ጓደኛ ለመመለስ ግን፣ እኔን ያየህ ተቀጣ፣ አሥር ዓመትም አይበቃ።

የደረስክበትን ጻፍልኝ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!